ቁስቋምን በጽጌ፦ ሄዶ ለማየትም፣ እንዳይፈርስ ለመጠበቅም

ጎንደር የመጣ እንግዳ ፋሲል ግንብ ይገባል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄዶ የጣሪያውን መላእክት አንጋጦ ያያል። ፋሲል መዋኛ ጎራ ይላል። ከዚያ ሻንጣውን አንስቶ ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ባሕር ዳር ይነሳል። ቁስቋም "ሌላ ጊዜ" ይባላል። ያ ሌላ ጊዜ ደግሞ አይመጣም።

ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ከፒያሳ ቢርቅ ሦስት አራት ኪሎ ሜትር ነው። ከከተማው በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ተራራው ሥር። ቤተ ክርስቲያኑ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ፍርስራሽና የነዋሪው ቤት ተጠጋግተው ያሉበት ሰፈር ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 ፋሲል ግቢን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ቁስቋምም አብሮ ገብቷል። ይህን ሲሰማ የሚገረም ጎንደሬ ሞልቷል።

ምክሬ ከመነሻው ይኸው፦ ሁለት ጊዜ ሂዱ። አንዴ ለበዓሉ፣ አንዴ ለግንቡ። በበዓሉ ቀን ሕዝቡ እንጂ ግንቡ አይታይም። በባዶ ቀን ብቻ የሄደ ደግሞ ፍርስራሽ አይቶ ይመለሳል። ይህ ቦታ ጠባቂ ያላጣው ዓመት በዓመት የሚሰበሰብበት ሰው ስላለው መሆኑ አይገባውም። የጥበቃውንም ሥራ በዚያው በበዓሉ አቆጣጠር ብትይዙት ነው የሚያዋጣው። እንዴት የሚለውን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ጊዜውን ምረጡ

የቁስቋም ዓመት የሚዞረው በጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበት የሚታሰብባቸው ናቸው። ኅዳር 6 ደግሞ በግብፅ ደብረ ቁስቋም ያረፈችበት በዓል ነው። እቴጌይቱ ደብራቸውን የሰየሙት በዚያው ቦታ ስም ነው። ስለዚህ በሌላ ሰፈር ተራ የሚመስለው ኅዳር 6 እዚህ ትልቁ ቀን ነው።

በፈረንጅ አቆጣጠር ለምትመጡ፣ ኅዳር 6 አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 15 ይውላል። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ግን ወደ 16 ይገፋል። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ይህቺን አንድ ቀን አጣሩ። በበዓሉ ማግስት የደረሰ ሰው የሚያገኘው ጠራጊዎችን ነው።

ለኅዳር 6 ያልተመቸው ከጽጌ እሑዶች አንዱን ይምረጥ። በእነዚህ ሳምንታት ከቅዳሜ ማታ እስከ እሑድ ንጋት ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። እኔ ብጠየቅ ከበዓሉ ቀን ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። ሰው አይጋፋም። ከበሮው፣ ጸናጽሉና የመቋሚያው ዝማሜ በደንብ ይሰማል። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ተራራው አረንጓዴ ነው፤ በጥቅምት መጀመሪያ ደግሞ አደይ አበባው ገና አልረገፈም።

ለግንቡ የሚሆነው ቀን ሌላ ነው። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጀመሪያ ያለ ማንኛውም የሥራ ቀን ይሆናል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ መሬቱ ደርቋል፣ ሣሩም ወደ መቀነሱ ነው። ከጥር 10 ከተራ ጀምሮ ግን ከተማው በጥምቀት ይሞላል። ፋሲል መዋኛ በቀሃ ወንዝ ውኃ ተሞልቶ ታቦታቱ ይወርዳሉ። ሆቴል አይገኝም፣ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። ጥምቀትንም ቁስቋምንም ባንድ ጉዞ ልጨርስ የሚል ሰው ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድሞ ይድረስና ቁስቋምን ያስቀድም።

መድረስ

በአውሮፕላን ለመጣ ሰው ከአዘዞ፣ ከአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ወደ ከተማ መኪና አይጠፋም። በየብስ የምትመጡ ከሆነ ጎንደር ያለ ዘመድ ወይም የምታርፉበትን ሆቴል ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ያለፈ ወር የሰማችሁት ዜና ለዛሬ አይሠራም።

ከፒያሳ ባጃጅ ያዙ። ሾፌሩን "ቁስቋም ማርያም" በሉት፤ ዋጋውን ሳትቀመጡ ተነጋገሩ፤ መመለሻውንም አብራችሁ ጨርሱ። በበዓሉ ቀን ግን ባጃጁ እስከ በሩ ላደርሳችሁ ቢልም ከታች ውረዱና ከሕዝቡ ጋር ውጡ። መንገዱ በነጠላ ነጭ ይሆናል። ዳገቱ ያን ያህል አይደለም፤ ግን ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ነውና ከቆላ የመጣ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ለማኅሌት የሚያድር ሰው ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት ይያዝ። የጥቅምት ሌሊት ብርድ ቀልድ አያውቅም።

አለባበስና አመል

ነጠላ ለሴትም ለወንድም ነው። ሱሪ የለበሰች ሴት ከላይ ረዘም ያለ ነገር ትደርብ። ጫማ በደጀ ሰላሙ ሳይሆን ቤተ መቅደሱ ደጃፍ ይወልቃል። የወንድና የሴት በር ለየብቻ ስለሆነ ከፊታችሁ የገቡትን ተከተሉ። እምነታችሁ ሌላ ከሆነ ከኋላ ቆማችሁ ብታዩ የሚያስወጣችሁ የለም። ግን አንዴ ከገባችሁ ወዲያ ወዲህ አትበሉ።

ፎቶ ላይ ጠበቅ እላለሁ። ፍላሽ በምንም ምክንያት አይበራም። ማኅሌት ላይ የቆሙትን ሊቃውንት ፊታቸው ላይ ስልክ ደቅኖ መቅረጽ ነውር ነው፤ ቲክቶክ ላይ ስላያችሁት ልክ አይሆንም። ታቦቱ ሲወጣ እልልታ ነው፣ እጅ መንሳት ነው። ስልኩን ለዚያች ደቂቃ ኪስ ውስጥ ክተቱት። ዑደቱ አልቆ ታቦቱ ከገባ በኋላ ወጣቱ ሆታና እስክስታ ሲይዝ እንደ ልባችሁ ቅረጹ። ያን ጊዜ እንዲያውም "እኔንም፣ እኔንም" ይሏችኋል።

የአክብሮት አጠራርን አትዝለሉ። ካህኑ አባታችን ናቸው፤ መምህሩ የኔታ። በዕድሜ የገፉ እናት እማማ ይባላሉ። በበዓል ቀን ሰላምታው አጭር ነው፦

"እማማ፣ እንኳን አደረሰዎ።"

"እንኳን አብሮ አደረሰን ልጄ። ግቡ እንጂ፣ ቆማችሁ ቀራችሁ።"

"ግቡ" ከተባለ መግባት ነው። ባዶ እጅ ግን አይገባም። ስኳር ወይም ቡና ከከተማ ይዛችሁ ውጡ። ለቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ ይበቃል። በጽጌ የሚጾም ሰው አለና (ጾሙ የፈቃድ ነው) ኬክና ወተት ይዞ መሄድ ባለቤቷን ማሳቀቅ ነው። ኅዳር 6 ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልዋለ ሥጋ ይኖራል፤ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም እስኪገባ ያለው ሳምንትም የግብዣ ሳምንት ነው። ጠላ የማይጠጣ ሰው ገና ሲቀመጥ "ቡና ይሻለኛል" ይበል። ጣሳው ከተቀዳ በኋላ አልጠጣም ማለት ጎንደር ላይ ክርክር ማንሳት ነው።

ግንቡን እንዴት ታዩታላችሁ

ይህ ለሁለተኛው ቀን ነው። ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ ድረሱ። የመግቢያ ከፍሉ፤ ደረሰኝ ተቀበሉ። ደረሰኝ የጠየቀ ሰው ገንዘቡ ደብሩ ካዝና መግባቱን አገዘ ማለት ነው። የሚያስጎበኝ ዲያቆን ካለ ውሰዱ፤ ጉርሻውንም ለብቻ ስጡ።

ቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አትሂዱ። ከውጭ አጥሩን ዙሩ። ግንቡ ከነማማዎቹ ምን ያህል ቦታ አቅፎ እንደያዘ የሚታወቀው ከውጭ ነው። ከዚያ ወደ እቴጌይቱ ቤተ መንግሥት ግቡ። ጣሪያው የለም፤ ወለሉ ሣር ነው። ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ በመስኮቱና በበሩ ዙሪያ ግን ቀላ ያለ፣ ለመቅረጽ የሚመች ለስላሳ ድንጋይ ገብቷል። ጠጋ በሉ። በዚያ ቀይ ድንጋይ ላይ መስቀል፣ አንበሳና ሌላም ቅርጽ ተቀርጿል። የጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመታው ቅርጹ ይጎላል፤ ቀትር ላይ ጠፍጣፋ ይሆናል። በጠዋት ኑ ያልኩት ለዚህ ነው። በጣታችሁ ግን አትንኩት። ጥቁሩ ድንጋይ ይችላል፣ ቀዩ ግን ይፈረፈራል።

ታሪኩን ትንሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ፍርስራሽ ያለ ታሪክ ድንጋይ ነው። ምንትዋብ የቋራ ልጅ ናቸው። አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲያርፉ ልጃቸው ኢያሱ ሕፃን ስለነበሩ አገሩን እቴጌይቱ ይዘው አስተዳደሩ። ከከተማው ግርግር ወጣ ብለው ይህን ግቢና ደብር ያሠሩት በእነዚያ ዓመታት ነው። ጣና ላይ ያለው የናርጋ ሥላሴም ሥራ የእሳቸው ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲደርስ ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና እዚሁ ቁስቋም ተጠርቶ የታመሙትን የእቴጌይቱን የልጅ ልጆች አክሟል። እቴጌይቱ እ.ኤ.አ. በ1773 አረፉ።

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሂዱ። የምታዩት ሕንፃ የምንትዋብ አይደለም። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ የድሮው ጠፍቷል፤ ይህኛው በጣሊያን ጊዜ እንደገና የተሠራ ነው። የእቴጌይቱ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አፅም በአንዲት ትንሽ ሣጥን ውስጥ እዚህ ይገኛል። ኢዮአስ እ.ኤ.አ. በ1769 በራስ ሚካኤል ስሑል የተገደሉት ናቸው፤ ዘመነ መሳፍንት ብለን የምንቆጥረው ከዚያ ነው። አፅሙን እንዲያሳዩዋችሁ በትሕትና ጠይቁ። ቢያሳዩዋችሁም ፎቶ ባታነሱ እመክራለሁ። የሰው አፅም ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት ከፍ ወዳለው ጎን ወጥታችሁ ጎንደርን ቁልቁል እዩ። እቴጌይቱ ቦታውን ለምን እንደወደዱት ያኔ ይገባችኋል።

ጥበቃው፦ መጀመሪያ የማይነካውን እወቁ

ብዙ ማኅበርና የወጣት ቡድን "ቅርሳችንን እናድን" ብሎ ቲሸርት አሳትሞ ይወጣል። ልቡ ጥሩ ነው። ግን ግንብ የሚጎዳው ቸል ባይ ሰው ብቻ አይደለም፤ ቸኩሎ የሚጠግንም ይጎዳዋል።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይህን ጉዳይ ይገዛል። ቅርስ መጠገን ያለ ፈቃድ አይቻልም። በቁፋሮ ወይም በአጋጣሚ የተገኘ ጥንታዊ ነገርም ሪፖርት መደረግ አለበት። ስለዚህ ደረጃው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የደብሩን ሰበካ ጉባኤ አነጋግሩ፤ ቀጥሎ የከተማውን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ፤ ጥገና ከሆነ ነገሩ ወደ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይሄዳል። በደብዳቤ ይሁን፤ በቃል "ችግር የለም" መባሉ ነገ ማስረጃ አይሆንም።

ሲሚንቶን ለየት አድርጌ ላውራ፤ ትልቁ ጠላት እሱ ነው። የጎንደር ግንቦች የተያያዙት በኖራ ነው። ዝናብ ግድግዳው ውስጥ መግባቱ አይቀርም፤ ኖራው ግን ሲደርቅ መልሶ ያስወጣዋል። ሲሚንቶ ያፍነዋል። የታፈነው ውኃ መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ የያዘውን ጨው ድንጋዩ ውስጥ ይተዋል፤ ጨው ሲደርቅ ያብጣል፤ ድንጋዩም ይላጣል። ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። በሲሚንቶ የተጠገነ ግድግዳ ፈልጉና ተጠግታችሁ እዩት። ሲሚንቶው ራሱ ድርቅ ብሎ እንደ ቆመ ነው፤ ዙሪያው ያለው ድንጋይ ግን ወደ ውስጥ ጎድጉዶ፣ ሥሩ የድንጋይ ዱቄት ተከምሯል። ለስላሳው ቀይ ድንጋይ ሲሆን ደግሞ ይፈጥናል። በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶ የተጠገኑ የጎንደር ሕንፃዎች በኋላ በኖራ እንዲታረሙ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ "አንድ ኩንታል ሲሚንቶ እንለግስ" የሚል ሰው ሲመጣ አመስግናችሁ ገንዘቡን ለሌላ ነገር አዙሩት።

በኖራ የሚሠራ ቡድን ከመጣ ደግሞ ምን ማየት እንዳለባችሁ እወቁ። ኖራው በውኃ በርዶ ለሳምንታት ሊተኛ ይገባል። አሸዋው የታጠበ ይሁን። በብዛት አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ ነው። ድንጋዩ ከመለሰኑ በፊት ይረጥባል። ከተለሰነ በኋላ በረጠበ ጆንያ ተሸፍኖ ቀስ ብሎ ይደርቃል። በክረምት የሚለሰን ኖራ ታጥቦ ይሄዳል። አዲስ ኖራ ነጭ ሆኖ ሲያበራ አትደንግጡ። የፋሲል ግንብ እድሳት ጊዜ መልኩ ተቀየረ ተብሎ ፌስቡክ ላይ ስንቱ ተጨቃጨቀ። ጥያቄ መጠየቁ ደግ ነው፤ ግን መልኩን ሳይሆን መጀመሪያ ምን እንደ ተቀላቀለ ጠይቁ።

ሌላው የማይነካ ነገር ግድግዳ ላይ የበቀለ ዛፍ ነው። ወፍ የዋርካና የሾላ ፍሬ በልታ ግንቡ ስንጥቅ ላይ ትጥላለች፤ ክረምት ሲገባ ይበቅላል። ጎትቶ መንቀል ያጓጓል። አትጎትቱት። ሥሩ ድንጋዮቹን አቅፎ ስለያዘ አብሮ ያወርዳቸዋል። ገና ጣት የምታህለውን ችግኝ በባለሙያ ፈቃድ ከግንዷ መቁረጥና በየዓመቱ መከታተል ይቻላል። የወፈረውን ለባለሙያ ተዉት።

በበዓል ሰሞን ባንዲራና ጨርቅ ለመስቀል ግድግዳው ላይ ሚስማር አይመታም። ሁለት እንጨት ተክሎ ገመድ መወጠር ይበቃል። ጧፍም ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አይበራም። የወደቀ ድንጋይ አይነሳም፤ ለአጥር፣ ለመቀመጫ፣ ለማስታወሻ አይወሰድም። የት እንደ ወደቀ በፎቶ ያዙና ለደብሩ ንገሩ። ከየት እንደወደቀ የሚያሳየው ያለበት ቦታ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። መንገድ ላይ "የድሮ ብራና፣ የድሮ መስቀል" ብሎ የሚጠጋችሁ ሰው አይጠፋም። የውሸት ከሆነ ተበላችሁ፤ የእውነት ከሆነ የተሰረቀ ነው። በሁለቱም አትግዙ።

የደቦው ቀን

ማንኛውም ሰው ያለ ባለሙያ ሊሠራ የሚችለው ሥራ አለ፤ እሱም ግንቡን ከማንኛውም ልስን በላይ ያቆየዋል። ውኃ ማራቅ ነው። የጎንደር ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ግድግዳው ሥር ከተኛ መሠረቱ ይለሰልሳል። መሠረቱ ሲለሰልስ ግድግዳው ያጋድላል። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ሥራውን በዓመት ሁለቴ አድርጉት። አንደኛው ግንቦት ማብቂያ ላይ፣ ዝናቡ ሳይገባ። የድሮ የውኃ መውረጃዎችን ከአፈር፣ ከቅጠልና ከፕላስቲክ ማጽዳት ነው። ሁለተኛው መስከረም ላይ፣ ከመስቀል በኋላ ጽጌ ሳይገባ። ሣርና አረም ማጨድ፣ ክረምቱ ምን እንዳፈረሰ ማየት፣ ለእንግዳ ግቢውን ማጽዳት። ሁለቱም ከበዓል በፊት ስለሚውሉ ሰው ለመጥራት አይከብድም። "ለእመቤታችን በዓል ግቢዋን እናጽዳ" ሲባል የሚቀር ሰው ጥቂት ነው። ቅርስ ጥበቃ ብላችሁ ስብሰባ ብትጠሩ ግን አሥር ሰው ቢመጣ ነው፤ እሱም አበል ይጠይቃል።

ቀኑን ስትቆርጡ ካህኑን አማክሩ። ቅዳሜና እሑድ ለተማሪውና ለሠራተኛው ይመቻል፤ ለገበሬው ግን ሰንበት ነው፤ ዶማና ማጭድ አይነካም። በየወሩ 12፣ 21 እና 29 ቀንም እንዲሁ። ይህን ሳያጣራ "እሑድ ጠዋት ሁላችሁም ኑ" ያለ የከተማ ልጅ ብቻውን አካፋ ይዞ ይቆማል።

መሣሪያው ቀላል ነው፦ ማጭድ፣ መጥረጊያ፣ አካፋ፣ ጆንያ፣ ጓንት። ዶማ ግድግዳው ሥር አይገባም። ከግድግዳው ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ካልሆነ መሬት አትቆፍሩ። ቦዩን ስታጸዱ የቆየ ጠርዙ ጋ ስትደርሱ አቁሙ፤ ማስፋትና ማጥለቅ የእናንተ ሥራ አይደለም። ሸክላ ስባሪ፣ ሳንቲም ወይም አጥንት ካገኛችሁ እዚያው ይቆይ፤ ቦታውን ምልክት አድርጋችሁ ሰው ጥሩ። የተጠረገው ቆሻሻ ከግቢው እንዲወጣ ጋሪ አስቀድማችሁ ያዙ። ጆንያ ሞልቶ በአጥሩ ሥር ትቶ መሄድ ሥራ አይባልም።

የምሳውን ነገር አትናቁ። ደቦ ያለ ጠላና ያለ ንፍሮ ደቦ አይደለም። ገንዘብ ያለው ማኅበር ይህን ወጪ ይሸፍን፤ ግን ከሆቴል አታምጡ። ሰፈሩ ላይ ያሉ እናቶች ያዘጋጁት፣ ክፍያውም እዚያው ይቅር። ጎብኝም ቢሆን ውኃውንም ቡናውንም ከሰፈሩ ይግዛ። ግቢው ለሰፈሩ ሰው ጥቂት ካስገባለት ከብት የሚያስወጣውም፣ ድንጋይ የሚጭነውን ሌባ የሚጮህበትም ጎረቤቱ ነው። ዘበኛ አንድ ነው፣ ጎረቤት ብዙ ነው። ለልጆች ብር ወይም እስክርቢቶ በየመንገዱ አትበትኑ። መስጠት ከፈለጋችሁ ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ስጡ።

ቤቱ ግንቡ አጠገብ ያለ ሰው ካለ አንድ ነገር ንገሩት። የድንጋይና የጭቃ ቤቱን በብሎኬት ከመለወጡ በፊት ጭቃውን ያድስ። ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ቀናት ከቆየ አይሰነጠቅም፤ የአባቶቹም ቤት የቆመው በዚያ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ውኃው ወደ ግንቡ ሳይሆን ወደ መንገዱ ቦይ እንዲወርድ ያዙር።

ትዝታውን መቅረጽ

ድንጋዩን ስንጠብቅ ወሬው ይጠፋል። የሰፈሩን ሽማግሌዎችና የደብሩን ሊቃውንት በስልክ ድምፅ መቅዳት ቀላል ነው። ፈቃድ ጠይቁ፤ ስም እንዲጠቀስ ይፈልጉ እንደሆነም ጠይቁ። "ታሪኩን ይንገሩን" ብላችሁ አትጀምሩ፤ እንደዚያ ሲባል ሰው ከመጽሐፍ የሰማውን ይደግማል። ይልቅ እንዲህ ጠይቁ፦ ልጅ እያሉ ግንቡ ውስጥ ምን ትጫወቱ ነበር? ያኛው ግድግዳ የወደቀው ማን ሲነግሥ ነው? ኅዳር 6 ድሮ ማን ድግሱን ይደግስ ነበር? ውኃ የምትቀዱት ከየት ነበር? ከዚህ ጥያቄ የሚወጣው ወሬ ሌላ ቦታ አይገኝም።

የፎቶ መዝገብ

ይህ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ለብቻችሁም ልትሠሩት ትችላላችሁ። ግቢው ውስጥ አምስት ስድስት ቦታ ምረጡ፦ የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ የቀይ ድንጋይ ቅርጽ፣ የበር ቅስት፣ የአጥሩ ጥግ፣ ቦይ። በየዓመቱ በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ሰዓት፣ ከዚያው ቦታ ቆማችሁ አንሱ። የምትቆሙበትን ለማስታወስ ግድግዳው ላይ ምልክት አታድርጉ፤ "ከበሩ 8 እርምጃ፣ ፊት ወደ ምሥራቅ" ብላችሁ ጻፉ። ስንጥቁ አጠገብ ማስመሪያ ወይም ሳንቲም ይዛችሁ አንሱ፤ አለበለዚያ መስፋቱ አይታወቅም። ኅዳር 6 ሕዝቡ ስለሚበዛ ለዚህ አይመችም፤ ከበዓሉ ሁለት ሦስት ቀን በኋላ አድርጉት።

ፎቶውን ስልካችሁ ላይ አታስቀሩት። ቀኑን፣ ቦታውንና አቅጣጫውን የፋይሉ ስም ላይ ጻፉ። አንዱን ቅጂ በፍላሽ ለደብሩ ጸሐፊ፣ አንዱን ለባህልና ቱሪዝም መምሪያው ስጡ፤ መቀበላቸውንም አስፈርሙ። በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ከተላከ ጥራቱ ይወርድና ፀጉር የምታህለው ስንጥቅ አትታይም።